ጡትሽ ሲቋጥር አትጭመቂው

የመጀመሪያ ልጄ አምስተኛ ሳምንቷን ስትይዝ፣ አንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳትነቃ ተኛች። እኔም አብሬያት ተኛሁ። ስነቃ የለበስኩት ልብስ በወተት ርሷል። ግራ ጡቴ በብብቴ በኩል እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በጣቴ ስዳብሰው ብይ የሚያክል ጓጉል አገኘሁ። ልጄን ላጠባ ሳቅፋት ክንዴ እዚያ ቦታ ላይ ቢያርፍ እንባዬ መጣ።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያደረግሁትን ሌላ እናት እንዳታደርገው ነው። ያደረግሁት ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው። ጨመቅሁት።

ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሬ ጡቴ ላይ አደረግሁ። አውራ ጣቴን ጓጉሉ ላይ ተክዬ ወደ ጡቱ ጫፍ ገፋሁ። አልሄድ ሲለኝ በማበጠሪያ ጀርባ አሸሁት። በየሰዓቱ በፓምፕ አለብኩ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ልጄ፣ ቻይው፤ ካልወጣ ይብስብሻል» ትለኝ ነበር። ከፍቅር ነው ያለችው። እሷንም ያኔ ያስተማሯት እንዲህ ነው።

ማታ ላይ ብዩ የእንቁላል ያህል ሆነ። በማግስቱ ትኩሳቴ 39 ነጥብ 2 ገባ። ሁለት ብርድ ልብስ ለብሼ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ሐኪሟ ጡቴን ስታይ የጣቶቼ ምልክት በልዞ ይታይ ነበር። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በቀስታ፣ «ይሄን ያደረገው እጅ ነው» አለችኝ።

አስር ቀን አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። ከሁሉም የከበደኝ ግን ሕመሙ አልነበረም። ለልጄ ብዬ ያን ያህል ስታገል ራሴን እየጎዳሁ መሆኔን ማወቄ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ሁለት ወር ሲሞላው ያው ነገር መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ በቀኝ በኩል። አልነካሁትም። በሁለት ቀን ለቀቀኝ። ሁለቱን ያለያየው ነገር ምን እንደሆነ ነው ከታች የማስረዳው።

ውስጡ ምን እየሆነ ነው

«ቋጠረ» ስንል ወይም ሐኪሞች «የወተት ቱቦ ተዘጋ» ሲሉ፣ በአእምሯችን የሚመጣው በቡሽ የተወተፈ ቧንቧ ነው። ቡሹ ከወጣ ወተቱ ይፈሳል ብለን እናስባለን። ለዚህ ነው እጃችን ወዲያው ወደ መግፋት የሚሄደው። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቡሽ የለም።

ወተቱ የሚሠራው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ከረጢቶች ውስጥ ነው። ከእነሱ ቀጫጭን ቱቦዎች ይነሳሉ፤ እርስ በርስ እየተጋጠሙ ወደ ጡት ጫፍ ይመጣሉ። ጫፉ ላይ በአማካይ ዘጠኝ ያህል መውጫ ቀዳዳ አለ፤ ከሴት ሴት ግን ይለያያል። ቱቦዎቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም። እንደ ዛፍ ሥር የተጠላለፉ ናቸው። ግድግዳቸውም ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይጨፈለቃሉ። በዙሪያቸው ደግሞ የደም ሥሮችና ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚመልሱ ሥሮች አሉ።

ወተት ከሚገባው በላይ ሲጠራቀም ግፊቱ ይጨምራል። አካባቢው ይቆጣል፣ ፈሳሽ ይቋጥራል፣ ያብጣል። እብጠቱ ስሱን ቱቦ ከውጭ ይጫነዋል። ስለዚህ ቱቦው የጠበበው በዙሪያው ያለው ሥጋ አብጦ ነው። እብጠትን ደግሞ በአውራ ጣት አታስወጪውም። ስትጨምቂው ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፣ ተጨማሪ ፈሳሽ ይመጣል፣ ቱቦው የበለጠ ይጠባል። የተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚትሽ አብጦ ብታዪ በጉልበት አታሺውም። ጡትም እንዲሁ ነው።

ይህ ለውጥ ብዙ ዓመት አልሆነውም። ጡት በማጥባት ሕክምና ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች የሚመሩበት የአካዳሚ ኦፍ ብረስትፊዲንግ ሜዲስን 36ኛ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ጠንከር ያለ ማሸትን፣ ጡትን ደጋግሞ «ባዶ ማድረግን» ተዉ ያለው እሱ ነው። ከዚያ በፊት የሠለጠኑ ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎች እስካሁን «እሺው፣ አልቢው» ሊሉሽ ይችላሉ። ሁለት ዓይነት ምክር ብትሰሚ ግራ አይግባሽ፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጓጉሉን ስታገኚ መጀመሪያ የምታደርጊው ነገር እጅሽን ማንሳት ነው። ደጋግመሽ እየዳበስሽ «ቀነሰ? አልቀነሰም?» አትበይ። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ለባለቤቴ፣ «ስነካው ካየኸኝ አስቁመኝ» ብዬው ነበር። አስቁሞኛል፤ ሦስት ጊዜ።

ማጥባትሽን ቀጥይ። በታመመው ጡትም ጭምር። ወተቱ አልተበላሸም፣ ልጁን አይጎዳውም። ግን ከወትሮው በላይም አታጥቢ። ይህች ናት ብዙዎቻችንን የምታሳስተን። ጡት የሚሠራው በተወሰደው ልክ ነው። ከልጁ ፍላጎት በላይ ስታልቢ፣ ሰውነትሽ «ለካ ሁለት ልጅ ነው ያለው» ብሎ የበለጠ ወተት ያመርታል። የበለጠ ወተት ማለት በጠበበው ቱቦ ላይ የበለጠ ግፊት ነው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ በየሰዓቱ ሳልብ የነበረው እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር ነበር። ጡት ደግሞ ጨርሶ ባዶ አይሆንም፤ አንቺ እያለብሽም እየሠራ ነው።

ስለዚህ ልጁ ሲፈልግ አጥቢ። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ያ ይበቃል። ሥራ የምትሄጂና በፓምፕ የምታልቢ ከሆንሽ፣ በተለመደው ሰዓት የተለመደውን ያህል ብቻ አልቢ። የፓምፑን ኃይል አትጨምሪ፤ ጫፉ የሚገባበት ክፍልም በልክሽ መሆኑን አረጋግጪ። ልጁ ተኝቶ ጡትሽ ቢወጠርብሽ በእጅሽ ቀስ ብለሽ ቀለል እስኪልሽ ድረስ ብቻ አልቢና ተዪው።

ቀጥሎ ቅዝቃዜ። በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ነገር በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ካጠባሽ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጡትሽ ላይ አድርጊ። በረዶውን ቆዳሽ ላይ በቀጥታ አታድርጊው፣ ያቃጥላል። ቀኑን ሙሉ እየደጋገምሽ ማድረግ ትችያለሽ። ሙቀት የሚያስታግሳቸው ሴቶች አሉ፤ ከማጥባትሽ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ለብ ያለ ጨርቅ ቢያሳርፍሽ አልከለክልሽም። ግን ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ እብጠቱን ሊያባብሰው ይችላል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ እውነተኛ እፎይታ ያገኘሁት ከቀዝቃዛው ነው።

ከዚያ ማስታገሻ። «የማጠባ ነኝ፣ መድኃኒት አልወስድም» ብለሽ በሕመም አትንፈራገጪ። አይቡፕሮፌን ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፣ ለሚያጠቡ እናቶችም በብዛት የሚታዘዝ ነው። ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ቁጣውንና እብጠቱንም ይቀንሳል። ለእኔ የታዘዘልኝ 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ምግብ ከበላሁ በኋላ ነበር። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ካለብሽ ግን ሳትጠይቂ አትውሰጂው። ያ ካልሆነልሽ ፓራሲታሞል ሕመሙንና ትኩሳቱን ያስታግሳል።

እጅሽ ካላስቻለሽ የሚፈቀድ አንድ ንክኪ አለ። በጀርባሽ ተጋደሚ። ከአንገትሽ በታች፣ ከአንገትሽ ሥር ወደ ትከሻሽ ከሚሄደው አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ በጣቶችሽ ቀስ እያልሽ ጥቂት ጊዜ አዙሪ። ብብትሽ ላይም እንዲሁ። ከዚያ የጡትሽን ቆዳ ከጫፉ ወደ ብብትና ወደ አንገት አቅጣጫ ጥረጊ። አቅጣጫውን ልብ በዪ፤ ወደ ጫፉ አይደለም፣ ከጫፉ ወደ ውጭ ነው። የምትመልሺው ወተት ሳይሆን የቋጠረውን ፈሳሽ ስለሆነ ነው። የተኛ ሕፃን ጉንጭ ስትነኪ የምትነኪበት ክብደት ይበቃል። ካመመሽ በዝቷል ማለት ነው።

ጡት መያዣሽ ደግፎ የሚይዝ ግን የማያጣብቅ ይሁን። ውስጡ ሽቦ ያለውን ለጊዜው ተዪው። በሆድሽ አትተኚ። የከባድ ቦርሳ ማንገቻ ደረትሽ ላይ አይለፍ። ውኃ ሲጠማሽ ጠጪ። ተኚ፤ ይህን ስል እውነት ተኚ ማለቴ ነው። በሁለተኛው ጊዜ እናቴ ልጁን ካጠባሁት በኋላ ተቀብላኝ፣ «አሁን ሂጂ ጋደም በዪ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። የመጀመሪያውን ጊዜ አልረሳችውም። ያቺ የሁለት ሰዓት እንቅልፍ ከወሰድኩት ሁሉ ያላነሰ ረድታኛለች።

ደግሞ የማይሞከሩ ነገሮች አሉ። በሚንቀጠቀጥ ነገር ጓጉሉን ማሸት፣ በጨው ውኃ መዘፍዘፍ፣ በማበጠሪያ መግፋት። አንዳንድ ጊዜ ጡት ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ትታያለች፣ ስታጠቢም እንደ መርፌ ትወጋለች። እንድትፈነዳ በመርፌ እንዳትነኪያት። ቁስሉ ጠባሳ ይሆንና መውጫውን ጭራሽ ይዘጋዋል፣ ለጀርምም በር ይከፍታል። ካልጠፋች ሐኪም የሚቀባ መድኃኒት ያዝልሻል።

አጎራረሱን እዪው

ጓጉል አንዴ ለቆ በሳምንቱ ከተመለሰ፣ ወይም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚመጣ ከሆነ፣ መንስኤውን መፈለግ አለብሽ። እኔ ጋ መንስኤው ሁለት ነበር። አንዱ ያ ረጅም እንቅልፍ ነው። ሁለተኛውን ያገኘችው አዋላጅ ነርሷ ናት።

ሳጠባ ቁጭ ብላ አየችኝ። አንድ ቃል ሳትናገር እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ፣ «እስኪ ጣቶችሽን እያቸው» አለችኝ። ለካ ልጄ አፍንጫዋ እንዳይታፈን ብዬ ሁልጊዜ በሁለት ጣቴ ጡቴን ወደ ውስጥ እጫነው ነበር። ጓጉሉ የወጣው ልክ ጣቶቼ በሚያርፉበት መስመር ላይ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ በቀን አስር ጊዜ፣ ያንኑ ቦታ ስጫን ነበር።

አፍንጫው እንዳይታፈን ጡቱን መጫን አያስፈልግም። የልጁን መቀመጫ ወደ አንቺ ጠጋ አድርጊው፤ ያኔ ጭንቅላቱ ራሱ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ይልና አፍንጫው ይለቀቃል። ሆዱ ሆድሽን ይንካ። አንገቱ እንዳይጠመዘዝ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ። አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቂ። ሲከፍት እሱን ወደ ጡቱ አምጪው፤ አንቺ ወደ እሱ አትጎንበሺ።

በደንብ ሲጎርስ ታውቂዋለሽ። አገጩ ጡትሽን ነክቷል። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ጠቆር ያለ ክብም ብዙውን ይዟል፤ ከክቡ የሚታየው ከታች ይልቅ ከላይ ይበዛል። ጉንጩ ሞልቶ ይታያል፣ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ሲውጥ ድምፁን ትሰሚያለሽ። ሲጨርስ ጫፍሽ እንደ ከንፈር ቀለም ጫፍ ሰያፍ ሆኖ ተጨፍልቆ ከወጣ አጎራረሱ ጥሩ አልነበረም። ያለሕመም መጥባት እስኪለምድ ድረስ በትንሽ ጣትሽ ከአፉ ጥግ አየሩን አስገብተሽ አስለቅቂውና እንደገና ሞክሪ። ደጋግመሽ ካልተሳካ የሚያይሽ ባለሙያ ፈልጊ። በጽሑፍ ከሚነገርሽ ይልቅ ዓይቶሽ የሚያስተካክልሽ ሰው ይሻላል።

ልጁ ሌሊት መተኛት ሲጀምር ወይም ጡት ለማስጣል ስትወስኚም ይህ ነገር ይመጣል። በአንድ ቀን አታቋርጪ። አንዱን የማጥቢያ ሰዓት ተዪ፣ ሰውነትሽ እስኪለምደው ጥቂት ቀናት ጠብቂ፣ ከዚያ ሌላውን። በድንገት ለማስጣል ደግሞ ጓጉል ከወጣብሽ ሰሞን የባሰ ጊዜ የለም።

ሐኪም ጋ የሚያስሄድ

አብዛኛው ጓጉል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። 24 ሰዓት ሞልቶት ምንም ካልቀነሰ ግን ለሐኪም ንገሪ። ትኩሳትሽ 38 ነጥብ 5 ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ሰውነትሽን እንደ ጉንፋን ከቆረጣጠመሽ፣ ወይም ሕመሙ እየሰፋ ከሄደ ቀን አትቁጠሪ፣ ሂጂ። የጡት ቁጣ ማለትም ማስታይቲስ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

መጽሐፍ «ጡት ይቀላል» ይላል። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። እኔ የጠበቅሁት ቀይ ቀለም ነበር፤ ስላላየሁ ዘገየሁ። በእጅሽ ጀርባ ሁለቱን ጡቶች አነጻጽሪ። አንዱ ይሞቃል? ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል? ከሌላው ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ቀለም ይዟል? እነዚህ የቅላት ያህል ይቆጠራሉ።

ማስታይቲስ ሁሉ በጀርም አይመጣም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንቲባዮቲክ አይታዘዝም። የቀረ አንቲባዮቲክ ቤት ውስጥ ፈልገሽ አትዋጪ። ከታዘዘልሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ቢሻልሽም ጨርሺው። እያጠባሽ እንደሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ከማጥባት ጋር የሚሄዱ መድኃኒቶች አሉ። መድኃኒቱን እየወሰድሽም ታጠቢያለሽ። «እስክትድኚ አቁሚ» የሚልሽ ካለ ምክንያቱን ጠይቂ፣ ሌላ ሐኪምም አማክሪ።

መድኃኒት ጀምረሽ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሻለሽ፣ ወይም ጓጉሉን ቀስ ብለሽ ስትነኪ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት የሚመስል ለስላሳ ቦታ ካገኘሽ፣ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። በአልትራሳውንድ ታይቶ በመርፌ ይቀዳል። ስሙ ያስፈራል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን የሚታከም ነው፣ ማጥባቱም አይቀርም።

ሌላ አንድ ነገር። ሳምንት አልፎት ያልጠፋ ጓጉል፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚመለስ፣ ወይም ቆዳውን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያጎደጎደ ነገር ካየሽ «የወተት ነው» ብለሽ አትለፊው። አብዛኛው ጉዳት የሌለው ሆኖ ይገኛል። ግን የሚያጠባ ጡትም ካንሰር ሊይዘው ይችላል፣ አልትራሳውንድ ደግሞ እያጠባሽም የሚሠራ ምርመራ ነው።

ከለቀቀ በኋላ

ጓጉሉ ከሄደ በኋላ ቦታው ለጥቂት ቀናት እንደ በለዘ ነገር ይሰማሻል። ያኔም አትሺው። በታመመው ጡት ወተቱ ቀንሶ ብታዪም አትደንግጪ። የተቆጣ ጡት ለጊዜው ያነሰ ይሠራል፣ ወተቱም ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ልጅ ይህን ያውቃል።

ወንዱ ልጄ በቀኙ ጡት ሁለት ቀን ሙሉ ፊቱን እያዞረ አስቸገረኝ። አላስገደድኩትም። ግራውን ሰጠሁት፤ ቀኙን ቀለል እስኪለኝ ብቻ በእጄ አለብኩ። በሦስተኛው ሌሊት ክፍሉ ጨለማ ነበር፣ እሱም ገና በደንብ አልነቃም። በቀኜ አስተኛሁት። አፉን ከፈተና ራሱ ፈልጎ ያዘው። ሲውጥ ሰማሁት።